ኮምፒውተሩ ከመጫኛ ዲስኩ አልነሳም ሲል፦ ደረጃ በደረጃ

ዲስኩን ከተታችሁ፤ ሪስታርት አደረጋችሁ። የድሮው ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ወይም ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ቀረች።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ መነካካት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዲስኩ አሁንም አይነሳም፤ ሲሠራ የነበረው ዊንዶውስም አብሮ እምቢ ብሏል።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ዲስኩ፣ ዲስኩን የሚያነበው ድራይቭ እና የባዮስ ሴቲንጉ። ከሦስቱ መጀመሪያ የምመረምረው ዲስኩን ነው። ለመመርመር ቀላሉ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው እሱው ነው። ባዮስ የሚነካው ዲስኩ ነፃ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ደረጃ አትዝለሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱትና ቀጥሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦

- በደህና የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር። ከሌላችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዋሱ።
- 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የምትፈልጉት ነገር እንደሌለበት እዩ።
- በገመድ የሚሰካ ኪቦርድ። የብሉቱዝ ኪቦርድ ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ ብዙ ጊዜ በድን ነው።
- ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር። ተሰክቶ ይቆይ።
- የስልካችሁ ካሜራ። የባዮስን እያንዳንዱን ገጽ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። «ቅድም ምን ላይ ነበር?» የሚለው ጥያቄ እኩለ ሌሊት ላይ ያሳብዳል።

የድሮው ዊንዶውስ አሁንም የሚነሳ ከሆነ ፋይሎቻችሁን አሁኑኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

### ማስጠንቀቂያ፦ ቢትሎከር

ይህችን አንቀጽ ማንም እንዳያልፋት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ሃርድ ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው መቆለፊያ ራሳቸው ይቆልፉታል፤ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ደረጃ 5 ላይ እናየዋለን) ወይም የመነሻ ቅደም ተከተሉን ስትቀይሩ ኮምፒውተሩ ይጠራጠርና ሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ያለው የሪከቨሪ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹ የሉም። ጥገና ቤት ብትወስዱትም ያው ነው።

ስለዚህ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ብሮውዘር ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ፣ በተመዘገቡት ኮምፒውተሮች ሥር ቁልፉን ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉት። ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» አድርጉት። አማራጩ እዚያ ካልታየ ቁልፉን መያዙ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

## ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን በእውነት አጥፉት

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሸት ዳውን» ስትሉት ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር የሲስተሙን ሁኔታ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል፤ ስትከፍቱት ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ ጥድፊያ ዲስኩን ዞር ብሎ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

1. ዲስኩን አስገብታችሁ ድራይቩን ዝጉ።
2. ሌላ ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ፕሪንተር ካለ ሁሉንም ንቀሉ። ኪቦርድና ማውዝ ይበቃሉ።
3. «ሺፍት»ን እንደያዛችሁ «ሸት ዳውን» በሉት። ወይም «ሪስታርት» ምረጡ፤ ሪስታርት ሲባል እንቅልፍ የለም፣ ከዜሮ ነው የሚነሳው።
4. ሲነሳ ስክሪኑን ብቻ አትዩ፤ ድራይቩንም አዳምጡ።

አራተኛዋን ብዙ ሰው ይንቃታል። ጤነኛ ድራይቭ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ዲስኩን ያሽከረክረዋል፤ ጭው የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ጭራሽ ዝም ካለ ኤሌክትሪክ አልደረሰው ይሆናል። ተሽከርክሮ ከቆመ፣ ጠቅ ጠቅ ካለና እንደገና ከጀመረ ደግሞ ዲስኩን ለማንበብ እየታገለ ነው። የሰማችሁትን ያዙ፤ ደረጃ 6 ላይ ይጠቅማችኋል።

## ደረጃ 2፦ ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ

ዲስኩን በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና ፋይሎቹን ተመልከቱ።

የሚታየው አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል (ሙሉ ዲስክ በአንድ ፋይል የታሸገበት) ብቻ ከሆነ ችግሩ ተገኘ። ዲስኩ መጫኛ አይደለም፤ የመጫኛው ፋይል የተቀመጠበት ዕቃ ነው። ሳጥኑን ሳይከፍቱ ሌላ ሳጥን ውስጥ እንደማስገባት። እኔ ራሴ በዚህ አንድ ሌሊት ሙሉ ተቃጥያለሁ። የባዮስ ገጾችን በቃሌ እስክወጣ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ቀየርኩ፣ መለስኩ። ንጋት ላይ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብከፍተው አንድ ብቸኛ ፋይል ቁጭ ብሎ አየኝ።

ፎልደሮች ከታዩ ጥሩ ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ውስጥ «ቡት»፣ «ኢኤፍአይ» እና «ሶርስስ» የሚባሉ ፎልደሮች፣ ከእነሱም ጋር «ሴትአፕ» የሚባል ፋይል ይኖራል። የኡቡንቱ ከሆነ «ቡት»፣ «ኢኤፍአይ» እና «ካስፐር» ታያላችሁ።

ግን ተጠንቀቁ፤ ፎልደሮቹ መኖራቸው ብቻ በቂ አይደለም። አንዳንድ ሰው አይኤስኦውን ይፈታና ፋይሎቹን እየጎተተ ዲቪዲው ላይ ይገለብጣል። እንዲህ ያለ ዲስክ ሲያዩት ትክክለኛ ይመስላል፤ ግን አይነሳም። ኮምፒውተሩ ዲስክ ሲፈትሽ መጀመሪያ ሴክተር ቁጥር 17 ላይ «ከዚህ መነሳት ይቻላል» የሚል መዝገብ ይፈልጋል። ያ መዝገብ እንደ ፋይል አይታይም፤ ፋይል በመገልበጥም አይተላለፍም። አይኤስኦው እንዳለ፣ እንደ ዲስክ ምስል፣ በርን ሲደረግ (ዲስኩ ላይ ሲጻፍ) ብቻ ነው የሚገባው።

### በትክክል በርን ማድረግ

1. የአይኤስኦውን መጠን እዩ። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይባላል፤ ዊንዶውስ በሚቆጥርበት አቆጣጠር ግን 4.38 አካባቢ ነው። የአሁኖቹ የዊንዶውስ 10 እና 11 አይኤስኦዎች ከ5 ጊጋባይት ያልፋሉ፤ ተራ ዲቪዲ ላይ አይገቡም። 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ያስፈልጋል። ከሌላችሁ አትጨናነቁ፣ ቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱና በፍላሽ ሥሩ።
2. ያወረዳችሁት ፋይል ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። አሳታሚዎቹ በማውረጃ ገጻቸው ላይ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻ 256 ኮድ (የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት) ያስቀምጣሉ። ሰቨን ዚፕ (ፋይል የሚጨምቅና የሚፈታ ፕሮግራም) ከተጫነላችሁ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የእናንተን ኮድ አውጡና አስተያዩ። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉ ተበላሽቷል፤ እንደገና አውርዱ። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የወረደ ትልቅ ፋይል ይህ ያጋጥመዋል።
3. አይኤስኦውን ቀኝ ክሊክ አድርጉና «በርን ዲስክ ኢሜጅ» ምረጡ። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ምርጫው ካልታያችሁ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞት ነው፤ «ኦፕን ዊዝ» ውስጥ ገብታችሁ «ዊንዶውስ ዲስክ ኢሜጅ በርነር»ን ፈልጉ።
4. «ቬሪፋይ ዲስክ አፍተር በርኒንግ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ጊዜ ትወስዳለች። ይውሰድ።
5. ፍጥነት መምረጥ የሚያስችል ፕሮግራም ከሆነ ዝቅተኛውን ምረጡ።

የሚጻፍና የሚጠፋ ዲስክ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ብርሃን የሚመልሰው ከተራው ዲስክ ባነሰ መጠን ስለሆነ ያረጀ ድራይቭ ያስቸግረዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፈውን ተጠቀሙ።

## ደረጃ 3፦ ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር አስነሱት

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። አሥር ደቂቃ ነው፤ ግማሹን ጥርጣሬ ይጠርጋል።

ዲስኩን የሚሠራው ኮምፒውተር ውስጥ ክተቱ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ በሚቀጥለው ደረጃ በምነግራችሁ ቁልፍ ከዲስኩ አስነሱት። የመጀመሪያው የመጫኛ ገጽ ሲመጣ በቃ። ምንም ነገር ሳትመርጡ ኮምፒውተሩን አጥፉት፣ ዲስኩን አውጡ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ «ኢንስቶል» እንዳትነኩ፤ የሰው ፋይል ነው።

- እዚያ ከተነሳ ዲስኩ ነፃ ነው። ችግሩ የእናንተ ኮምፒውተር ድራይቭ ወይም ሴቲንግ ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ቀጥሉ።
- እዚያም ካልተነሳ ባዮስ ውስጥ የምትፈልጉት ነገር የለም። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ሌላ ባዶ ዲስክ ላይ እንደገና በርን አድርጉ።

## ደረጃ 4፦ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከዲስኩ አስነሱ

የባዮስን ቋሚ ቅደም ተከተል ከመቀየራችሁ በፊት የቡት ሜኑን (ኮምፒውተሩ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ሞክሩ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ምንም ነገር ቀይሮ አይተውም።

ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፦

- ዴል፦ ኤፍ 12
- ኤችፒ፦ መጀመሪያ «ኤስኬፕ»፣ ከዚያ ኤፍ 9
- ሌኖቮ፦ ኤፍ 12። አንዳንዶቹ ጎን ላይ በመርፌ የሚነካ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ እሱን ጫን ስታደርጉት ሜኑው ይመጣል።
- ኤሰር፦ ኤፍ 12። ካልመጣ ባዮስ ውስጥ (ኤፍ 2) ተዘግቶ ነው፤ «ኤፍ 12 ቡት ሜኑ» የሚለውን «ኢነብልድ» አድርጉት።
- አሱስ፦ ላፕቶፕ ላይ «ኤስኬፕ»፣ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ኤፍ 8
- ኤምኤስአይ እና አዝሮክ፦ ኤፍ 11
- ጊጋባይት ማዘርቦርድ፦ ኤፍ 12

ቁልፉን ይዛችሁ አትቆዩ። ኮምፒውተሩን እንደከፈታችሁ ቶሎ ቶሎ ነካ፣ ነካ፣ ነካ አድርጉት። ይዞ መቆየት አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ «ኪቦርዱ ተበላሽቷል» የሚል ስህተት ያመጣል። ላፕቶፕ ላይ ቁልፉ ድምፅ ወይም ብርሃን የሚቀይር ከሆነ «ኤፍኤን»ን አብራችሁ ያዙ።

ጊዜው ካመለጣችሁ፣ ደጋግሞም ካመለጣችሁ፣ ሌላ መንገድ አለ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የሚነሳ ከሆነ «ሺፍት»ን እንደያዛችሁ «ሪስታርት»ን ንኩ። የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» ብላችሁ ድራይቩን ምረጡ።

### ሜኑው ላይ ዲቪዲው ሁለት ጊዜ ታየ?

አትደንግጡ። አንዱ ፊቱ ላይ «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) የሚል አለበት፣ ሌላው የለበትም። ያው ድራይቭ ነው፤ የሚነሳበት መንገድ ነው የሚለየው። ኮምፒውተሩ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የተሠራ ከሆነ «ዩኢኤፍአይ» ያለበትን አስቀድሙ። ካልሆነ ሌላውን።

### «ፕሬስ ኤኒ ኪይ» የምትለዋ መስመር

ከዊንዶውስ ዲስክ ስትነሱ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ትመጣለች፤ ከሲዲ ወይም ዲቪዲ ለመነሳት ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ ትላለች። ነጥቦች አንድ በአንድ ይጨመሩባታል። አምስት ሰከንድ አካባቢ ነው የምትጠብቀው። ካልነካችሁ ዝም ብላ ታልፍና የድሮው ዊንዶውስ ይመጣል። «ዲስኩ አልነሳም» ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች ቀላል የማይባሉት ሻይ ሊቀዱ ተነስተው ነው ያመለጣቸው።

ነክታችሁም ካለፈች ኪቦርዱ ገና አልነቃም ማለት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ወዳለው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ቀይሩት። ከውስጡ ሰማያዊ ያልሆነው ነው ብዙ ጊዜ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መጫኑ ተጀምሮ ኮምፒውተሩ በመሃል ራሱ ሪስታርት ሲያደርግ ይህቺ መስመር ተመልሳ ትመጣለች። ያኔ ምንም አትንኩ። ከነካችሁ መጫኑ «ሀ» ብሎ ይጀምራል፤ ክብ እየዞራችሁ ታድራላችሁ።

## ደረጃ 5፦ አሁን ባዮስ ውስጥ ግቡ

እዚህ ከደረሳችሁ ዲስኩ ሌላ ቦታ ይነሳል፣ በእናንተ ኮምፒውተር የቡት ሜኑ ግን አልሆነም። መግቢያው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 2 ወይም «ዲሊት» ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1።

ገባችሁ? ፎቶ አንሱ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ በኤፍ 10 «ሴቭ» አድርጋችሁ ሞክሩ።

1. ድራይቩ ይታያል? የዕቃዎች ዝርዝር ላይ የዲቪዲው ስም ከሌለ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ወደ ደረጃ 6 ሂዱ። ባዮስ ያላየውን ድራይቭ በሴቲንግ ማስነሳት አይቻልም።

2. ሰዓቱና ቀኑ ልክ ነው? ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ከሄደ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ያስተካከላችሁት ሴቲንግ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ይጠፋል፤ እናንተም «ትናንት አስተካክዬው ነበር» እያላችሁ ትገረማላችሁ። ዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ላይዋ ላይ 2032 የሚል ቁጥር አለ። ገመዱን ነቅላችሁ ቀይሯት።

3. ፋስት ቡት። ይህ የዊንዶውሱ ሳይሆን የባዮሱ ነው። ቶሎ ለመነሳት ሲል ዩኤስቢና ዲቪዲ ሳይፈትሽ ያልፋል። «ዲሰብልድ» አድርጉት።

4. የመነሻ ቅደም ተከተል። ዲቪዲውን ከሃርድ ዲስኩ በላይ አውጡት። አንዳንድ ባዮስ ላይ በቀስት ሳይሆን በመደመርና በመቀነስ ምልክት ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተጽፏል።

5. ሴኪዩር ቡት። ፊርማው የታወቀ መጫኛ ብቻ እንዲነሳ የሚያደርግ ጥበቃ ነው። «ኢንቫሊድ ሲግኔቸር» ወይም «ሴኪዩር ቡት ቫዮሌሽን» የሚል መልእክት ካያችሁ የከለከለው እሱ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አዲስ አይኤስኦ አውርዱ። የደህንነት ዝማኔዎች ያረጁ መጫኛዎችን ፊርማ ያግዳሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ አካባቢ የወጣ የዊንዶውስ ዝማኔ ብዙ የሊኑክስ ዲስኮችን በአንድ ቀን «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» አስብሏቸዋል፤ መፍትሔው አዲሱን እትም ማውረድ ነበር። አዲሱም እምቢ ካለ ለጊዜው አጥፉት፣ ሲያልቅ መልሱት። ኤሰር ላይ ሴቲንጉ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ መጀመሪያ «ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ» አውጡለት፤ ያኔ ይከፈታል። ፓስወርዱን ጻፉት፣ ስትጨርሱ አንሱት። የባዮስ ፓስወርድ መርሳት ቀልድ አይደለም።

6. ዩኢኤፍአይ ወይስ ሌጋሲ (የድሮው የማስነሻ መንገድ)። ይህን ከሁሉም በኋላ ንኩት። ሌጋሲን የሚያበራው ሴቲንግ አንዳንዱ ላይ «ሲኤስኤም» ይባላል። በጣም ያረጀ መጫኛ ከሆነ ወይም ዲስኩ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ከሆነ ሲኤስኤም መብራት አለበት። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ዩኢኤፍአይ ነው የሚፈልገው። አንዳንድ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲኤስኤም ጭራሽ የላቸውም፤ ፈልጋችሁ ካጣችሁት በቃ የለም።

ሲኤስኤም አጥፍታችሁ ስክሪኑ ጭራሽ ከጠቆረ ግራፊክስ ካርዱ አሮጌ ነው፤ ያለ ሲኤስኤም ምስል ማሳየት አይችልም። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፣ የማዘርቦርዱን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱት። ባዮስ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል።

የማትነኩት፦ «ሳታ ሞድ» የሚለውን። ሬይድ የነበረውን ወደ ኤኤችሲአይ ብትቀይሩት ዲስኩ አይነሳላችሁም፤ ይልቁንም የነበረው ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ይቀራል። ከቀየራችሁት ፎቶውን አይታችሁ መልሱት፤ ይድናል።

## ደረጃ 6፦ ድራይቩን መርምሩ

መጀመሪያ አንድ ቀላል ፈተና፦ ሌላ የሚሠራ ዲቪዲ ያነባል? «ሲዲ ያነባልኮ» አትበሉኝ። ሲዲና ዲቪዲ የሚነበቡት በተለያየ ጨረር ነው፤ የሲዲው 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲው 650። አንዱ ደክሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ዘፈን እያጫወተ ዲቪዲ የማያነብ ድራይቭ ብርቅ አይደለም።

ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ጎኑን ክፈቱ፣ ከድራይቩ ኋላ ያሉትን ሁለት ኬብሎች አውጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ሰፊው ኤሌክትሪክ ነው፣ ጠባቡ ዳታ። ካልሆነ ጠባቡን ኬብል ቀይሩ፤ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።

ላፕቶፕ ከሆነ ትሪውን ሳቡት። ሌንሷን ታያላችሁ፤ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ወደ ሰማያዊ የምትወስድ አንዲት ዓይን። ኮምፒውተሩን አጥፉ። የጆሮ ጥጥ ጫፍ ላይ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ አድርጉና ሳትጫኑ በቀስታ ዙሪያዋን አስኪዱት። ሌንሷ በቀጭን ስፕሪንግ ላይ ነው የተንጠለጠለችው፤ ከተጫናችኋት አለቀላት። እስክትደርቅ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ፣ ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም።

በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ከሆነ ከሃብ ንቀሉትና ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥታ ሰኩት። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፣ 3.0 ደግሞ 900። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ብዙ ኃይል ይስባል፤ ካልበቃው ትንሽ ዞሮ ይሞታል። ሁለት ራስ ያለው ኬብል ካለው ሁለቱንም ሰኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ጊዜያችሁን አትፍጁ።

## ደረጃ 7፦ ዲስኩን ትታችሁ በፍላሽ ሥሩ

እውነቱን ለመናገር ዛሬ ዛሬ እኔ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው። ፍላሽ ይፈጥናል፣ አይጫርም፣ ሌንስ የለውም።

1. ዊንዶውስ ከሆነ በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ የማይክሮሶፍትን «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» አውርዱና ፍላሹን ምረጡ። ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።
2. አይኤስኦው በእጃችሁ ካለ ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ። «ፓርቲሽን ስኪም» (የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) የሚለው ላይ ለአዲስ ኮምፒውተር «ጂፒቲ»፣ ለአሮጌ «ኤምቢአር» ምረጡ።
3. ሥራው ሲያልቅ ፍላሹን «ኢጀክት» ብላችሁ አውጡ።
4. በደረጃ 4 ቁልፍ የቡት ሜኑን ከፍታችሁ ፍላሹን ምረጡ።

አይኤስኦውን በእጅ ፍላሹ ላይ ለመገልበጥ አትሞክሩ። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ ዋናው የመጫኛ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ሩፈስ ይህን በራሱ መንገድ ያልፈዋል።

ፍላሹም ዲስኩም እኩል ቦታ ላይ እየደረሱ ከቆሙ፣ ለምሳሌ ሁለቱም አርማው ላይ ከቀሩ ወይም በየጊዜው የተለያየ ሰማያዊ ስክሪን ካመጡ፣ መጫኛው ንጹሕ ነው። ራሙን ተጠራጠሩ። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ አቀያይሩ።

## ስክሪኑ ላይ ያለው መልእክት ምን ይላል?

«ኖ ቡተብል ዲቫይስ»፦ የሚነሳበት ነገር አላገኘም። ዲስኩ በስህተት በርን ተደርጓል (ደረጃ 2) ወይም ድራይቩ አልታየም (ደረጃ 6)።

«ሲዲቡት፦ ኩድንት ፋይንድ ቡትኤምጂአር»፦ ይህ ደስ የሚል መልእክት ነው፤ ከዲስኩ መነሳት ጀምሯል ማለት ነው። ግን ፋይሎቹ ጎድለዋል። እንደገና በርን አድርጉ።

የሲዲ ወይም ዲቪዲ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) ይጎድላል ካለ፦ በተለይ ዊንዶውስ 7 ላይ። ዩኤስቢ 3.0ን አያውቅም። ፍላሹን ወይም ድራይቩን ወደ 2.0 ቀዳዳ ቀይሩት።

ሃርድ ዲስኩ «ጂፒቲ» ስለሆነ መጫን አይቻልም ካለ፦ በሌጋሲ ነው የተነሳችሁት። ሃርድ ዲስኩን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ሪስታርት አድርጉና ቡት ሜኑ ላይ «ዩኢኤፍአይ» ያለበትን ምረጡ። «ኤምቢአር» ነው ካለ ተቃራኒው ነው፤ ግን ዊንዶውስ 11 ለመጫን ከሆነ ሌጋሲ አያዋጣም፣ ፋይሎቻችሁን አውጥታችሁ ሃርድ ዲስኩን ወደ ጂፒቲ መቀየር ነው።

ሃርድ ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ፦ መነሳቱ ተሳክቷል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች የማከማቻ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዱ፣ ፋይሉ ተጨምቆ ከመጣ ፍቱት፣ ፍላሹ ላይ አድርጉና «ሎድ ድራይቨር»ን ንኩ።

## ከተነሳላችሁ በኋላ

መጫኑ የመጀመሪያውን ሪስታርት ሲያደርግ ዲስኩን አውጡ። ፍላሽም ከሆነ ስክሪኑ ሲጠቁር ንቀሉት። የቀረው ከሃርድ ዲስክ ነው የሚሄደው።

ዴስክቶፑን ስታዩ ወደ ባዮስ አንድ ጊዜ ተመለሱ፦ ሃርድ ዲስኩን አንደኛ አድርጉ፣ ሴኪዩር ቡትን አብሩ፣ አውጥታችሁት የነበረ ፓስወርድ ካለ አጥፉ። ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» አድርጋችሁት ከነበረና የድሮው ዊንዶውስ እንዳለ ከሆነ «ሪዝዩም» በሉት። ዲስኩ ላይ ምን እንደሆነና መቼ በርን እንደተደረገ በማርከር ጻፉበት፤ በመለያው በኩል እንጂ በሚያብረቀርቀው በኩል አይደለም።